የሊቀመንበሩ ከረጢት

አባቴ የጨርቅ ከረጢትን የፈለሰፈ ሰው ነው ብዬ ነው ያደግሁት። አውሮፕላን የሠራ ሰው አለ፣ አምፖል የሠራ ሰው አለ ተብሎ ክፍል ውስጥ ሲነገረን እኔ በልቤ «ከረጢትን ደግሞ አባባ» እል ነበር። አንድ ቀን እንዲያውም እጄን አውጥቼ ተናግሬዋለሁ። መምህሯ ሳቋን ዋጥ አድርጋ «ጎበዝ፣ ተቀመጪ» አለችኝ። የሳቋ ነገር አድናቆት መስሎኝ ቀኑን ሙሉ ደረቴን ነፍቼ ዋልኩ።

እንዲህ እንዳስብ ያደረገኝ ራሱ ነው። አባባ የሰፈራችን የጽዳት ኮሚቴ ሊቀመንበር ነበር። በስሙ የሚጠራው ሰው አልነበረም፤ እሱም በስሙ ሲጠሩት ደስ አይለውም። እህቱ፣ አክስቴ፣ ልትጠይቀን ስትመጣ እንኳ ከበሩ ላይ ሆና «ሊቀመንበር አለ?» ነው የምትለው። ስለ ፌስታል ሲያወራ ድምፁ ይወፍር ነበር። «ፌስታል ጠላታችን ነው» ይላል ዳቦ እየቆረሰ። «አንዷ ፌስታል የልጅ ልጆቻችንን ትቀብራለች» ይላል ሻዩን እያማሰለ። እኔ አካፋ የያዘች ፌስታል ትታየኝ ነበር። ደግነቱ እኔ ልጅ እንጂ የልጅ ልጅ አይደለሁም፣ ተርፌያለሁ ብዬ እጽናናለሁ።

እማ ልብስ ሰፊ ነበረች። በጓሮ በኩል ባለችው ጠባብ ክፍል፣ የመኪናዋን መርገጫ እየረገጠች፣ ከንፈሯ ላይ መርፌ ነክሳ ትውላለች። ገበያ ስትሄድ እኔን ታስከትለኛለች። በትልቁ ከረጢት ውስጥ ትናንሽ ከረጢቶች አሉ፤ የምስሩ ሰማያዊ፣ የሩዙ ባለ አበባ፣ ሁሉም ከደንበኞች ልብስ ቁርጥራጭ የተሰፉ። ለዘይት ጠርሙስ፣ ለስኳር ክዳኑ የጠበቀ ቆርቆሮ ትይዛለች። ባለሱቁ ወፍራም ሰው ነበር፤ ጣቱን በምላሱ አርሶ ፌስታል መክፈት ከልማዱ አልፎ ደመ ነፍሱ ሆኖ ነበር። እማ ሁልጊዜ ትቀድመዋለች።

«ተወው ወንድሜ፣ እዚህ ውስጥ ገልብጥልኝ።»

«ኧረ ፌስታሉ እኮ በነፃ ነው፣ እመቤት።»

«አውቃለሁ። ያንን ቱቦ ስጠርግ ያገኘሁት ሁሉ በነፃ የተሰጠ ነበር።»

ቱቦ ውስጥ ነፃ ነገር እንደሚገኝ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። በማግስቱ ዱላ ይዤ ቱቦውን ስቆፍር ዋልኩና ጫማዬን አበላሽቼ ተገረፍኩ።

የቱቦውን ነገር በወጉ የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ከአክስቴ ነው። እኔ ነፍስ ሳላውቅ፣ አንድ ክረምት፣ ከቤታችን ጀርባ ያለው ቱቦ በፌስታል ተደፍኖ ጎርፉ ወደ መስፊያ ክፍሏ ገባ። የሰው ጨርቅ ሁሉ ጭቃ ጠጣ። አባባ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ በሩ ላይ ቆሞ «የሚመለከተው አካል ይጠራ» ሲል፣ እማ እስከ ወገቧ ቱቦው ውስጥ ገብታ በእጇ እየዛቀች አወጣችው። ከዚያ ቀን ወዲህ ቤቷ ፌስታል አላስገባችም። አባባ ያኔ ያላት ምን ነበር? «ቆርቆሮ አንጠልጥለሽ ገበያ ስትወጪ ሰው ምን ይለኛል? ለማኝ አስመሰልሽኝ እኮ።» አክስቴ ይህን የምትነግረኝ ወንድሟ ምን ያህል ኩሩ እንደነበር ልታሳየኝ ነው።

በኋላ ግን ፌስታል ይቀነስ የሚል መመሪያ ወረደ። መመሪያ ሲወርድ አባባ ከሁሉ ቀድሞ ይሰማዋል፤ ጆሮው ለዚያ የተፈጠረ ነው። ለማኝ ያስመሰለው ከረጢት በአንድ ሳምንት ውስጥ የሱ ሐሳብ ሆነ። የእኔ ትዝታ የሚጀምረው ከዚያች ሳምንት በመሆኑ ፈልሳፊው እሱ መሰለኝ።

አንድ ቀን እራት ላይ «ከላይ ሰው ሊመጣ ነው» አለ።

እማ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ከየት ላይ?»

«ከላይ ነው የምልሽ። ከፌስታል የጸዳ ሞዴል ቤት ተብሎ የተመረጠው የኛ ነው። እኔ ነኝ ያስመረጥኩት።»

እኔ ጣሪያውን አየሁ። ከዚያ በኋላ ደጅ በወጣሁ ቁጥር ሰማይ ሰማይ ማየት አመጣሁ። ሰውየው ሲወርድ የት ላይ እንደሚያርፍ አስቤ የልብስ ማድረቂያው ሽቦ እንዳይጠልፈው ሰጋሁ።

«ሌላም አለ» አለ አባባ። «የዚያን ቀን ለሰፈሩ አባወራ ሁሉ የጨርቅ ከረጢት እናድላለን ብዬ ቃል ገብቻለሁ።»

«እናድላለን?»

«ኮሚቴው ነዋ።»

«ኮሚቴው መስፋት ይችላል?»

አባባ ሳቀ። «አንቺ አለሽ አይደል? ለገዛ ሰፈርሽ እኮ ነው። ቁርጥራጩ እንደሆነ ቤት ሞልቷል።»

እማ ሳህኗን ገፋ አደረገች። «ሳትጠይቀኝ?» አለች።

«ምን ያስጠይቃል? እኔና አንቺ አንድ አይደለን?»

እኔ እንባዬ መጣ። እንዲህ የሚዋደዱ ወላጆች ስላሉኝ ኮራሁ። አባባ እንኳ እውነቱን ነበር፤ አንድ ነበሩ። አንዱ ግን እሱ ነበር።

ከዚያ በኋላ መኪናዋ ዝም ያለችበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። ከትምህርት ቤት ስመለስ ከመንገዱ ጀምሮ ይሰማኛል። ወለሉ ላይ እጀታ ያልተደረገላቸው ከረጢቶች ይከመራሉ፣ ከነሱ አጠገብ እጀታዎቹ ለብቻቸው ተኝተዋል። የደንበኞች ልብስ ቁምሳጥኑ ላይ ተሰቅሎ አቧራ ይጠጣል። መጀመሪያ ሰዎቹ እየመጡ «ደረሰ?» ይሉ ነበር፤ ቀጥሎ በመስኮት ይጠይቁ ጀመር፤ በመጨረሻ ልብሳቸውን ወስደው ቀሩ። እማ ሥራ ስለበዛባት ላለመረበሽ ብለው ነው የቀሩት፣ እንዴት ያሉ ጨዋ ሰዎች ናቸው ብዬ አሰብኩ። ለካ ልብሳቸውን የወሰዱት በኩርባው ላይ ወዳለው ሌላ ልብስ ሰፊ ነበር።

አባባ ምሽት ላይ ብቅ ይልና ከክምሩ አንዷን አንስቶ ይገለብጣታል። «ስፌቱ ትንሽ አልወፈረም?» ይላል። ወይም «ቀለሙ ደመቅ ቢል ጥሩ ነበር» ይላል። በሕይወቱ ቁልፍ ተክሎ የማያውቅ ሰው።

የማትቀረው ነርሷ ብቻ ነበረች። የእማ ጓደኛ ናት፤ ከሥራ ስትወጣ ነጭ ጫማዋን ሳታወልቅ ገብታ ክምሩ ላይ ትቀመጥና እጀታ ትገለብጥላታለች። አንድ ከሰዓት ከጠረጴዛው ሥር ተኝቼ በቁርጥራጭ ስጫወት ሰማኋቸው።

«እስከ መቼ ነው ታዲያ?» አለች ነርሷ።

«እነዚህ እስኪያልቁ። የገባሁበትን ሥራ በጅምር አልተውም። እኔ እንደሆነ ልቤ ቆርጧል።»

«ልጅቷስ?»

«እሷንማ ይዤ ነው እንጂ።»

ክው አልኩ። ልቧ ተቆርጧል! ከጭንቅላቴ በላይ ያ ትልቁ የጨርቅ መቀስ ከጠረጴዛው ጠርዝ ወጣ ብሎ ይታየኛል። አንድ ቀን አምልጧት ደረቷን አግኝቷት ይሆናል። ነርሷ በየቀኑ የምትመላለሰው ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ፤ ልታክማት ነው። እኔም አብሬ ሆስፒታል ልገባ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እማ ከምሳ በኋላ ጋደም ስትል ጆሮዬን ደረቷ ላይ እለጥፍ ነበር። «ምን ሆንሽ?» ስትለኝ «ምንም» እላታለሁ። ልቧ እንደ መኪናዋ ሳያቋርጥ ይመታል። የተቆረጠ አይመስልም። ጠንካራ ናት ብዬ አደነቅኳት።

ለአባባ አልነገርኩትም። እንዳይደነግጥ ብዬ ነው። ኋላ ሳስበው፣ ብነግረውም ስፌቷን ይነካው እንደሆነ ነበር የሚጠይቀኝ።

ሰውየው ሊመጡ ሁለት ሦስት ቀን ሲቀር የጓሮው ነገር ተነሳ። እማ የቲማቲምና የሰላጣ ችግኝ ታፈላለች። አሮጌ ጋዜጣ በጠርሙስ ላይ ትጠቀልልና ሥሩን አጥፋ፣ ጠርሙሱን አውጥታ፣ አፈር ትሞላዋለች። ችግኙ ሲደርስ ከነጋዜጣው መሬት ውስጥ ይገባል፤ ወረቀቱ እዚያው በስብሶ ይቀራል። እነዚያን የጋዜጣ ኩባያዎች በግድግዳው ጥግ በሰልፍ አቁማቸው ነበር። የአባባ ዓይን እዚያ ላይ አረፈ።

«ይሄ ምንድን ነው? ከላይ የሚመጡት ሰው ቆሻሻ ነው የሚመስላቸው።»

ሰልፉ ከሽንት ቤቱ ጀርባ ተጋዘ። በማግስቱ አባባና የኮሚቴው ጸሐፊ፣ ቤት ውስጥ እንኳ ጥቁር መነጽሩን የማያወልቀው ሰውዬ፣ በጭነት መኪና አበባ አስጭነው ከች አሉ። የፈነዳ፣ ያደገ፣ ቀይና ቢጫ አበባ፤ እያንዳንዱ ሥሩ ከነአፈሩ በጥቁር ላስቲክ ታስሮ። ላስቲኩን እየቀደዱ ተከሉት። የተቀደደው ላስቲክ ክምር ሲሆን ተያዩ፤ ከዚያ ጸሐፊው በአጥሩ ሥር ጉድጓድ ይቆፍር ጀመር።

«አባባ፣ ምን እየቀበራችሁ ነው?» አልኩ።

ጸሐፊው አካፋውን አቆመ። አባባ ግን አልተደናገጠም። «ለአፈሩ ብርድ ልብስ ነው» አለኝ። «ሥሩን እንዳይበርደው።»

እንዲህ ያለ ርኅራኄ ሰምቼም አላውቅ። እየሮጥኩ ወደ መስፊያው ክፍል ገባሁ። «እማ፣ አባባ አፈሩን ብርድ ልብስ አለበሰው!»

ሜትሯን ከአንገቷ ሳታወርድ ወጣች። እነሱ እጃቸውን ሊታጠቡ ገብተው ነበር። በጫማዋ ጫፍ አፈሩን ገለጥ አደረገችና ብቅ ያለውን ጥቁር ላስቲክ ቆማ አየችው።

«ደግ ሰው ነው አባትሽ» አለች። «ለአፈር እንኳ ያስባል።»

ለአክስቴ ይህንኑ ነገርኳት፤ እማ አባባን አመሰገነችው ብዬ። ጥርስን ነክሶም ማመስገን እንዳለ ገና አላወቅሁም።

ቀኑ ደረሰ። ከቤታችን ፊት ድንኳን ተተከለ፣ ወንበር ተደረደረ። ጠረጴዛው ላይ ውሃ የሞሉ የላስቲክ ጠርሙሶች እንደ ወታደር ቆመዋል፤ ለጌጥ መስለውኝ ነበር። እኔ አንገቴ እስኪያመኝ ሰማይ ሳይ፣ ከላይ የሚመጡት ሰው በመኪና መጡ። አጭር፣ ጉንፋን የያዛቸው፣ መሐረባቸውን ከእጃቸው የማይለዩ ሰው ነበሩ። ለመጀመሪያ ጊዜ በመንግሥተ ሰማያት አዘንኩ።

ጓሮው ተጎበኘ። «ይህ ሁሉ አበባ እንዴት በቀለ?» አሉ እንግዳው።

«በጥረት» አለ አባባ።

ከረጢቶቹ ከሳምንት በፊት የኮሚቴው ማኅተም ይታተምባቸዋል ተብለው ከቤት ተወስደው ነበር። አሁን ጸሐፊው በካርቶን አስጭኖ አመጣቸው። ካርቶኑ ተከፈተ። እያንዳንዱ ከረጢት ጥርት ባለ ላስቲክ ታሽጎ፣ አፉ በቀይ ጥብጣብ ታስሮ፣ ፀሐይ ላይ ያበራ ነበር። ከእማ ክፍል ሲወጡ ተራ ጨርቅ ነበሩ፤ አሁን ስጦታ መሰሉ። አባባ ሁለተኛ ነገር ፈለሰፈ አልኩ። ይህኛው በእርግጥም የሱ ነበር። ጸሐፊው ከዓመታት በኋላ መንገድ ላይ አግኝቶኝ ሳልጠይቀው ነግሮኛል፤ «ባዶውን ከተሰጠ ክብር የለውም፣ አቧራም ይነካዋል» ብሎ ያሳሸገው አባትሽ ነው አለኝ። ማሸጊያ ቤቱ የማን እንደነበር ግን ጸሐፊው አልነገረኝም፤ ያንን ከሌላ ሰው ነው የሰማሁት፤ የራሱ የጸሐፊው ወንድም ነበር።

አባባ ንግግር አደረገ። ፌስታል ጠላታችን መሆኗን፣ የልጅ ልጆቻችንን የምትቀብር መሆኗን ተናገረ። እንግዳውን አመሰገነ፣ ጸሐፊውን አመሰገነ፣ ድንኳን ያዋሰውን ሰው አመሰገነ፣ እህቱን ስለ መልካም ምክሯ አመሰገነ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና «አሁን እናቶች እየወጡ ከክቡር እንግዳችን እጅ ይቀበላሉ» አለ።

እማ ከኋላ ረድፍ ከነርሷ አጠገብ ነበረች። ቀድማ ተነሳች። እንግዳው አንዷን ከረጢት በሁለት እጃቸው ሰጧት፤ እሷም ጎንበስ ብላ ተቀበለች። ሰው አጨበጨበ። እሷ ግን ወደ ቦታዋ አልተመለሰችም። ጥብጣቡን ፈታች፣ ላስቲኩን ቀደደች፣ ከረጢቱን አውጥታ አራግፋ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ላስቲኩን አጠፈችና ከጎኑ አኖረችው። ከዚያ እጇን ወደ ካርቶኑ ሰዳ ሌላዋን አነሳች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለ አባባ በዝግታ፣ ፈገግታው ፊቱ ላይ እንደደረቀ።

«እየፈታሁልህ» አለች።

እጇ ፈጣን ነው፤ ዕድሜዋን ክር ስትፈታ የኖረች ሴት ናት። ነርሷ መጥታ ከጎኗ ቆመች። ከዚያ የባለሱቁ ሚስት፣ ከዚያ ሌሎቹ ሴቶች አንድ በአንድ ወጡ። የሚሰማው የላስቲኩ መንኮሻኮሽ ብቻ ነበር። ጸሐፊው «እባካችሁ፣ ፕሮግራሙ» አለ፤ የሰማው የለም። ነፋስ መጣና ላስቲኩን አነሳው። አንዱ በርሮ የእንግዳው ፊት ላይ ተለጠፈ፤ እሳቸውም አፍንጫቸውን ሲጠርጉ በነበሩበት መሐረብ ከአፋቸው ላይ አነሱት። ከኋላ ሳቅ ተጀመረ።

እማ የቀረውን ላስቲክ ሁሉ በሁለት እጇ አቅፋ ሰበሰበችና አባባ ደረት ላይ አስደገፈችው። አባባ ሳይወድ ታቀፈው።

«ከረጢቱ የኔ ሥራ ነው» አለች። «ይሄኛው ደግሞ የናንተ።»

እኔ በሙሉ ኃይሌ አጨበጨብኩ። እማ ለአባባ ሽልማት የሰጠችው መስሎኝ ነበር። ሰው የሚስቀው በደስታ፣ የአባባ ፊት የቀላው በእፍረት ሳይሆን በትሕትና ነበር ለኔ። አክስቴ እጄን ይዛ «ተይ» ስትለኝ እንኳ ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

በዚያው ሳምንት የመስፊያ መኪናዋ ጋሪ ላይ ተጫነች። የእማ ልብስ፣ የኔ ደብተሮች፣ ከሽንት ቤቱ ጀርባ የተጣሉት የጋዜጣ ችግኞችም ተጫኑ። የሄድነው ከገበያው ጀርባ አዲስ ኖራ ወደሚሸት አንድ ክፍል ነው። ነርሷ መጋረጃ ስትሰቅል ስላየሁ ሆስፒታል ነው ብዬ ደመደምኩ። ቀናት አለፉ፤ ሐኪም የሚባል አልመጣም።

«እማ፣ መቼ ነው የሚያክሙሽ?» አልኳት።

«ምኔን?»

«ልብሽን። ተቆርጧል ብለሽ የለም?»

መርገጫውን አቆመች። ነገሩ ሲገባት መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል።

«ልብ ቆረጠ ማለት እኮ፣ አንድ ነገር አሰብኩ፣ ጨረስኩ ማለት ነው» አለች።

«ምን ጨረስሽ?»

«ከረጢት መስፋት።»

«አሁን አያምሽም?»

«አሁን አያመኝም።»

አባባ ለጠየቀው ሁሉ ሚስቱ በዝናው ቀንታ እንደሄደች ይናገር ነበር። አክስቴ ደግሞ «በፌስታል ምክንያት ትዳር ሲፈርስ የት ታይቶ ያውቃል?» ትል ነበር። እኔ ይህን ሰምቼ አባባ ሁልጊዜም ልክ ነበር አልኩ፤ ፌስታል ጠላታችን ናት፣ ቤታችንን አፈረሰች። ክፍል ውስጥም ተናግሬዋለሁ። መምህሯ በዚህኛው ጊዜ አልሳቀችም።

እንግዳው ሁለተኛ አልመጡም። ሌላ መመሪያ ወረደ፤ ስለ ሌላ ነገር። አበባው የሚያጠጣው ጠፍቶ ደረቀ። ከረጢቶቹ ግን በሰፈሩ ሴቶች ትከሻ ላይ ለዓመታት ሲዞሩ አይቻለሁ፤ ማኅተሙ ታጥቦ ጠፍቶ፣ ስፌቱ ግን አንድ ክር ሳይላቀቅ። ባለሱቁም ጣቱን ማራስ ተወ። ይህን ሁሉ ኮሚቴው በሪፖርቱ የራሱ ውጤት አድርጎ አቅርቦታል ሲባል ሰምቻለሁ፤ አልገረመኝም።

አባባ አሁን አርጅቷል። በዚያው ቤት ብቻውን ይኖራል፤ የሚበላውን እኔ ነኝ የማደርስለት። ምስሩን ከከረጢት ስገለብጥ ያየኝና «የኔ ሐሳብ ነው ይሄ» ይላል። በቀደም ለት አዲስ የገባ ጎረቤቱ ሊጠይቀው መጥቶ ተቀምጦ ደረስኩ። አባባ ስለዚያ የድንኳን ቀን እያወራለት ነበር።

«ከላይ የመጡት ሰው ባሉበት፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ እናቷ ላስቲኩን አንድ ሳታስቀር ሰብስባ በክብር አስረከበችኝ» አለው ወደ እኔ እያመለከተ። «እንዳይባክን ብላ እኮ ነው። ቆጣቢ ሴት ነበረች። ያስተማርኳት እኔ ነኝ።»

ሲዋሽ አውቀዋለሁ፤ ሲዋሽ ድምፁ ይወፍራል። ድምፁ አልወፈረም። እኔ ልጅ ሆኜ ያጨበጨብኩለትን ታሪክ፣ እኔ ትቼው የወጣሁትን፣ እሱ እስካሁን ይኖርበታል። ጎረቤቱ ራሱን ነቀነቀ። እኔም ምስሩን ከድኜ ወጣሁ።

ከዚያ በቀጥታ እማ ጋ ሄድኩ። ዓይኗ ደክሟል፤ እጇ ግን ከመኪናዋ አልተለየም። ያለውን ሁሉ ቃል በቃል ነገርኳት። ንዴቴ ገና አልበረደም ነበር። «ሄጄ ልንገረው እንዴ? ምን ማለትሽ እንደነበር ዛሬ እንኳ ይወቀው» አልኳት።

መርፌውን ከከንፈሯ አወጣች።

«ተይው» አለች። «ያን ቀን ገብቶት ቢሆን ኖሮ ቤቴን ለቅቄ አልወጣም ነበር።»